ለአንድ መንጋ ስንት ውሻ? ጠባቂው ሲቆስል ስለሚተካው ውሻ የተደረገ ውይይት

የመክፈቻ ጽሑፍ

የጥያቄዬ ፍሬ ነገር አጭር ነው፤ በግ የሚያረባ ሰው ጠባቂ ውሻው ቢነከስ ወይም ቢሰበር ብሎ ከወዲሁ ሁለተኛ ውሻ ማሳደግ ይገባዋል ወይ? የምኖረው በመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ብዙ በማይርቅ ቀበሌ ነው። አርባ የሚጠጉ የመንዝ በጎች አሉን፤ ቀን ልጆች ያግዷቸዋል፣ ሌሊት በድንጋይ ካብ በታጠረ ጉረኖ ያድራሉ። ጠባቂያቸው አንድ ወንድ ውሻ ብቻ ሲሆን፣ በቅርቡ ከጅብ ጋር ተናክሶ ጭኑ ላይ ቆስሏል፤ በሦስት እግሩ እያነከሰ ከምድጃው አጠገብ እስከ ደጃፉ ይሄዳል እንጂ ሥራ ላይ አይደለም። እርሱ ከተኛ ወዲህ ሌሊቱን በተራ የምንጠብቀው እኛ ነን፤ የሰው ጆሮ ደግሞ የውሻን ያህል አይሰማም። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም እንደሚባለው እኔም ወደ ሁለተኛ ውሻ አዘንብያለሁ፤ ይሁን እንጂ የሚበላው፣ የሚከተበውና የሚያስከትለው ጣጣ ከጥቅሙ ይበልጥ እንደሆነ ከሚያውቅ ሰው መስማት እወዳለሁ።

ምላሾቹ በዝተው ለማንበብ አስቸጋሪ ስለሆኑ፣ በየቁጥራቸው የተባለውን በራሴ አገላለጽ ከዚህ በታች አስፍሬዋለሁ። ስለ አንድ ነገር የተነጋገሩትን አንድ ላይ አድርጌ፣ የራሴንም አስተያየት በየመካከሉ ጨምሬበታለሁ።

1ኛ ምላሽ

መጀመሪያ የጻፉልኝ ከሰላሌ አንድ አባት ናቸው። ሰላምታቸውን አስቀድመው፣ ለውሻውም ምሕረት ለምነው፣ ሁለት ውሻ ማኖር በአካባቢያቸው የቆየ ልማድ መሆኑን አስረዱ፤ የሰጡት ምክንያት ግን እኔ ካነሣሁት የተለየ ነበር። ጅብ ብዙ ጊዜ ብቻውን እንደማይመጣ፣ አንዱ በበረቱ ፊት ለፊት እየታየ ውሻውን ሲያርቀው ሌላው በጓሮ በኩል እንደሚገባ፣ ስለዚህም አንዱ ውሻ ሲወጣ ሌላው ከበጎቹ ጋር መቅረት እንዳለበት ገለጹ። በእርሳቸው አስተያየት ብቻውን ወጥቶ የሚከበበው ውሻ ነው የሚነከሰው፤ ከኋላው ሌላ የሚጮኽለት ያለው ግን እምብዛም አይነካም። እንዲህ ከሆነ ሁለተኛው ውሻ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ከቆሰለ በኋላ ሳይሆን ከመቁሰሉ በፊት ነው ማለት ነው፤ ይህም ነጥብ ከኋላ በመጡት ምላሾች ውስጥ ደጋግሞ ተነሥቷል።

2ኛ ምላሽ

ሁለተኛው ጸሐፊ በትሕትና ጠየቁኝ፤ የጉረኖው ካብ ስንት ክንድ ነው፣ በላዩስ እሾህ አለው ወይ? ካቡ ዝቅ ያለ ከሆነ አራት ውሻ ቢኖርም ከንቱ ነው ባይ ናቸው። ውሻ በእርሳቸው ዘንድ ደወል ነው፤ ሥራው መጮኽና ሽታውን በየጥጋጥጉ መተው እንጂ ከጅብ ጋር መያያዝ አይደለም፤ የሚያያዘውም ሰውና ካብ የየድርሻቸውን ባላደረጉበት ሌሊት ነው። እውነት አላቸው። ካባችን ሰው ወገብ ድረስ ብቻ ነው፤ እሾሁንም በዚህ ሳምንት ጨምረንበታል።

3ኛ ምላሽ

ይህ የእንስሳት ሐኪም የጻፉት ረጅም ምላሽ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ አቀርበዋለሁ። የጅብ ንክሻ ከላይ ሲያዩት ጣት የማያስገባ ትንሽ ቀዳዳ ቢመስልም ከቆዳው ሥር ያለው ሥጋ ተጨፍልቆ እንደሚገኝ፣ ስለዚህም ቀዳዳውን ሰፍቶ መዝጋት መግሉን ውስጥ መቅበር መሆኑን አስረዱ። በዙሪያው ያለው ጠጉር ተሸልቶ፣ ቁስሉ ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውኃ ደጋግሞ ይታጠብ፣ ክፍት ሆኖ ከውስጥ ወደ ውጭ ይዳን፣ መድኃኒቱንም ባለሙያ ይዘዝ አሉ። ዝንብ እንዳያርፍበት በቀን ሁለት ጊዜ ማየት እንደሚያስፈልግ፣ ትል ከገባ በኋላ ሥራው እጥፍ እንደሚሆንም ጨመሩ። ለሰው የሚሰጡትን የሕመም ማስታገሻዎች፣ ዲክሎፌናክንና አይቡፕሮፌንን፣ ለውሻ መስጠትን አጥብቀው ከለከሉ፤ እነዚህ መድኃኒቶች የውሻን ጨጓራ ያደማሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ።

ከጥያቄዬ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ስለ ጊዜ የጻፉት ነው። የመዳፍ ቁርጥ በሁለትና በሦስት ሳምንት ይጠግጋል፤ የአጥንት ስብራት ለጎልማሳ ውሻ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ የጉልበት ጅማት የተበጠሰበት ግን ለወራት ሥራ ይፈታል፣ ወደ ቀድሞው ላይመለስም ይችላል። በሌላ በኩል፣ ከቡችላነት ጀምሮ የሚያድግ ጠባቂ ለብቻው መንጋ እስኪጣልበት ድረስ አንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይወስድበታል። ሁለቱን ጊዜ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው፣ ከጉዳቱ በኋላ የሚመጣ ቡችላ ለዚያ ጉዳት እንደማይደርስ ወዲያው ይገባዋል።

ሐኪሙ በመጨረሻ ያነሡት ነገር ቤተሰቡን ሁሉ አስደነገጠ። በአውሬ የተነከሰ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ አስቀድሞ ተከትቦ ከሆነ ክትባቱ ወዲያው ይደገምለታል፣ 45 ቀንም ይጠበቃል፤ ተከትቦ የማያውቅ ከሆነ ግን ነገሩ ከባድ ነው፤ የብዙ አገሮች መመሪያ ወይ እንዲወገድ፣ ወይ ከሰውም ከእንስሳም ተለይቶ ቢያንስ ለአራት ወራት እንዲዘጋበት ያዛል። ቁስሉን በባዶ እጁ ያጠበና እጁ ላይ ጭረት ያለበት ሰው ደግሞ እጁን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ ያለ መዘግየት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። የእኛ ውሻ በዘመቻ ጊዜ ተከትቦ ስለነበር ክትባቱ በማግስቱ ተደግሞለታል፤ አሁን ቀኑን እየቆጠርን ነው።

4ኛ እና 5ኛ ምላሽ

አራተኛው ምላሽ ቁጣ ነበረበት። ጸሐፊው፣ ልጆቹን በቅጡ የማያበላ ገበሬ ሁለት ውሻ ይቀልብ ማለት ከተማ ተቀምጦ መምከር ነው ሲሉ ገሠጹን፤ እኔ ራሴ ገበሬ መሆኔን ልብ ያሉት አይመስለኝም። ቁጣው እንዳለ ሆኖ ሒሳቡ መሠራት የሚገባው ነው፤ አምስተኛው ጸሐፊም ሠሩት። 20 ኪሎ የሚመዝን ሠራተኛ ውሻ በቀን ከ1,200 ኪሎ ካሎሪ ያላነሰ ይፈልጋል፤ ይህ በገብስ ዱቄት ቢተመን 350 ግራም ያህል፣ በዓመት ደግሞ ከ1 ኩንታል ከሩብ የሚበልጥ ነው። አጓትና ፍርፋሪ ከዚህ ላይ ይቀንሳሉ፤ ሆኖም ቅነሳው ብዙዎቻችን እንደምናስበው አይደለም፤ ውሻው የጎደለውን የሚሞላው ከጎረቤት ጓሮና ከሜዳ ጥንብ ነው። አምስተኛው ጸሐፊ የደረሱበት መደምደሚያ፣ በዓመት አንዲት እናት በግ ከጅብ የተረፈችለት ሰው ቀለቡን ከነትርፉ መልሶታል የሚል ነበር። አራተኛው ጸሐፊ ተመልሰው አልመጡም።

6ኛ ምላሽ

ከባሌ፣ ከዲንሾ አካባቢ የጻፈ ወጣት ጉዳዩ ከአንድ ቤት የሚያልፍ መሆኑን አሳየ። በዚያ ደጋ ውሾች ከእረኛና ከከብት ጋር ቀይ ቀበሮ ወዳለበት ሜዳ ይወጣሉ፤ በሽታቸውንም ይዘው ይወጣሉ። በ1991 እና በ1992 እ.ኤ.አ. የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀበሮዎችን ጨረሰ፤ በ2003 እና በ2004 እ.ኤ.አ. በዌብ ሸለቆ ከሚታወቁት ቀበሮዎች ከአራቱ እጅ ሦስቱ አለቁ፤ በ2008 እና በ2014 እ.ኤ.አ. ተመልሶ መጣ። በመካከሉ ደግሞ ዲስቴምፐር የሚባለው የውሻ በሽታ ገባ፤ ለእብደት የተሰጠ ክትባት ይህን በሽታ እንደማይከላከል ብዙ ሰው አያውቅም። ለአካለ መጠን የደረሱት ቀይ ቀበሮዎች በአገራችን ባጠቃላይ ከ500 አይበልጡም፣ ከእነርሱም ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በባሌ ነው። ወጣቱ ሁለተኛ ውሻ አታኑር አላለኝም፤ መከተብ የማትችለውን አንድም ቢሆን አታኑር፣ የምትከትበውን ግን ሁለትም ቢሆን አኑር ነው ያለኝ። እዚሁ መንዝ ያለው የጓሳ ደጋ ቀበሮም ጎረቤቴ ስለሆነ ነገሩ ይመለከተኛል።

ከ7ኛ እስከ 9ኛ ምላሽ

እዚህ ላይ ክርክሩ ከመስመር ሊወጣ ነበር። ሰባተኛው ሰው፣ ስለ ውሻ ተጠይቆ ስለ ቀበሮ የሚመልስ ሰው ራሱ ቀበሮ ግልገል በልቶበት አያውቅም በማለት ወጣቱን ዘለፈው። ስምንተኛዋ ጸሐፊ፣ እህታችን፣ ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በአይጥና በፍልፈል መሆኑን፣ ግልገል ቢነካም አልፎ አልፎ እንደሆነ፣ ጅብንና ቀበሮን በአንድ ዓይን ማየት የጠባቂ ወግ አለመሆኑን በለዘበ ቃል መለሰችለት። ዘጠነኛው የእኔው አገር ሰው ሲሆን፣ የጓሳን ሣርና መሬት አባቶቻችን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በተባለው የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት እየዘጉና እየከፈቱ እንዳቆዩት አስታውሶ፣ ሜዳውን ጠብቆ ያቆየ ሕዝብ ውሻውን ማስከተብ አያቅተውም ብሎ ነገሩን ዘጋው።

10ኛ ምላሽ

በእኔ ፍርድ ጥያቄዬን ከሁሉ ይልቅ በቀጥታ የመለሱት እኚህ እናት ናቸው። እርሳቸው ጠባቂ ሲቆስል የሚጠራና እስከዚያ ተቀምጦ የሚበላ ውሻ አያውቁም፤ የሚያውቁት ታላቅና ታናሽ ነው። ታላቁ አራት ዓመት ሲሞላው ቡችላ ያመጣሉ፤ ታላቁ ሳያረጅ፣ ሳይቆስልም ታናሹ ሥራውን ከእርሱ ይማራል፤ ታላቁ ሲደክም ታናሹ ታላቅ ይሆንና ሌላ ቡችላ ይገባል። ከአንድ እናት በአንድ ጊዜ የተወለዱ ሁለት ቡችሎችን ግን ፈጽሞ አይወስዱም፤ እርስ በርስ ይጣበቁና በጎቹን ይረሳሉ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ አርጅተው ቤቱን ባዶ ያደርጉታል።

አሠራራቸውን እንዲህ ዘረዘሩት። ቡችላው ጡት እንደተወ ከግልገሎቹ ጋር በአንድ ቤት ያድራል፤ የሚበላውም እዚያው በመካከላቸው ነው እንጂ ወጥ ቤት አይጠራም። መጀመሪያ ከግልገሎቹ ሙቀት ይፈልጋል፣ ሰነባብቶ ሽታቸው ሽታው ይሆናል። ትንሽ ጠንከር ሲል የግልገል ጆሮ ይዞ መጎተት ያምረዋል፤ ታላቁ ውሻ ያን ጊዜ ይነሣና አፍንጫውን በጥርሱ ጫን አድርጎ፣ ሳያቆስል፣ መሬት ላይ ያስተኛዋል። ቡችላው በጀርባው ተገልብጦ ይለማመጣል፤ ግልገሏም ጆሮዋን አራግፋ ወደ እናቷ ትሄዳለች። እኚህ እናት እንደሚሉት ይህን ትምህርት ሰው በዱላ ሊሰጠው አይችልም፤ ዱላ ያየ ቡችላ የሚማረው ሰው ሲኖር አለመንካትን ብቻ ነው።

11ኛ እና 12ኛ ምላሽ

ሐኪሙ ተመልሰው አሠራሩን ካመሰገኑ በኋላ አንድ ማስተካከያ አደረጉ። ቡችላ ከሌላ እንስሳ ጋር የሚቀራረብበት ዕድሜ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ስለሆነ ከዚያ ዘግይቶ የመጣ ቡችላ ለጠባቂነት አስቸጋሪ ይሆናል፤ የእብደት መከላከያ ክትባቱ ደግሞ ሦስት ወር ሲሞላው ተጀምሮ በዓመቱ ይደገማል። ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ግን ቡችላው ጉልበት እንጂ አእምሮ ስለሌለው፣ በተለይ በጎች በሚወልዱበት ሰሞን፣ ብቻውን ከግልገል ጋር ባይዘጋ ይሻላል። አሥራ ሁለተኛው ጸሐፊ በዚሁ ዕድሜ የነበረ ውሻው እየተጫወተ ግልገል እንደሰበረበት ጽፎ ነገሩን አረጋገጠ።

13ኛ ምላሽ

ወንድ ወይስ ሴት? ጠያቂው አጭር ነበር፣ መልሶቹ ግን ረጅምና አንዳንዶቹም ለመድገም የማይመቹ ነበሩ። ከሁሉም የወጣው ይህ ነው። ሁለት ወንዶች በሰላም ጊዜ ይስማማሉ፤ በመንደሩ አንዲት ሴት ውሻ ኮርማ ስትፈልግ ግን ሁለቱም መንጋውን ጥለው ይሄዳሉ፣ ተናክሰውም ይመለሳሉ፤ ያኔ ጅብ ያላቆሰለውን ወንድሙ አቁስሎታል። ወንድና ሴት ከሆኑ ደግሞ ሴቷ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ለኮርማ ትደርሳለች፣ 63 ቀን ገደማ አርግዛ ትወልዳለች፣ ባለቤቱም በየጊዜው የሚበትነው ቡችላ ይኖረዋል። ቡችላን በገበያ ቀን ከመንገድ ዳር ጥሎ መመለስ የተለመደ ነው፤ ባለቤት አልባው ውሻና በሽታው የሚበዙትም በዚህ መንገድ ነው። ማኮላሸት መፍትሔ መሆኑን ሐኪሙ ሲያነሡ አንድ ሰው የተኮላሸ ውሻ ፈሪ ይሆናል ብሎ ተከራከረ፤ ሐኪሙም ለመንጋ ጥበቃ የሚፈለገው ከመንጋው የማይርቅ ውሻ እንደሆነ፣ የተኮላሸም አይቶ መጮኹን እንደማይተው መለሱ።

14ኛ ምላሽ

ስለ አዙሪት የተጻፈው ይህ ምላሽ ከጉዳዩ የራቀ ቢመስልም በግ ላለው ሰው የቀረበ ነው። በጉ አንገቱን አጣሞ በአንድ ወገን የሚዞርበት በሽታ የሚመጣው ከውሻ ከሚገኝ የኮሶ ትል ነው፤ የትሉ እንቁላል በውሻው ዓይነ ምድር ሣር ላይ ይወድቃል፣ በጉ ከሣሩ ጋር ይውጠዋል፣ ትሉም አንጎሉ ውስጥ ውኃ ቋጥሮ ያድጋል። ዙሩ የሚሞላው የታመመው በግ ታርዶ ጭንቅላቱ ለውሻ ሲጣል ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ውሻ ያመጣና ጭንቅላት መጣሉን ያልተወ ሰው፣ ከጅብ ያስጣለውን በግ ለአዙሪት ይሰጣል። ጸሐፊዋ በቄራ ሥጋ ምርመራ የሠሩ ሴት ሲሆኑ፣ ጭንቅላቱ ይቀበር ወይም ይቃጠል፣ ሳንባና ጉበትም ጥሬውን ለውሻ አይሰጥ፣ ለሁለቱም ውሾች ፕራዚኳንቴል የተባለው የኮሶ ትል መድኃኒት በየጊዜው ይሰጥ ብለዋል።

15ኛ እና 16ኛ ምላሽ

አንድ ሰው በአሜሪካ በጎችን አህያ እንደምትጠብቅ ሰምቶ ለምን አይሞከርም አለ። እዚያ የምትጠብቀው ኮዮቴ ከሚባል ቀበሮ መሰል አውሬ ነው፤ እዚህ አህያ ለጅብ ምን እንደሆነች ማንም ስለሚያውቅ ሳቁ በዛ፣ እኔም አልፈዋለሁ። አሥራ ስድስተኛው ሐሳብ ግን ቁም ነገር ነበረው፤ ሦስት ጎረቤቶች አንድ ተተኪ ውሻ በጋራ ቢቀልቡ፣ የማንኛቸውም ጠባቂ ሲቆስል ያ ውሻ ወደዚያ ቤት ይዛወራል የሚል ነው። የሰላሌው አባት ውሻ በበላበት ይጮኻል በሚለው አባባል ብቻ መለሱለት፤ በሦስት ቤት የበላ ውሻ ሦስቱንም እየዞረ ይጠይቃል እንጂ በየትኛውም ጉረኖ አያድርም፤ የማያውቀው መንጋ መካከል ቢታሰር ደግሞ በጎቹ ራሳቸው ሸሽተው ካቡን ይንዱታል። ለቀለብ ክፍያ የቀረበው ሐሳብ መልካም ሆኖ ሳለ ለጥበቃ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

17ኛ ምላሽ

እስከዚያ ምን ይደረግ የሚለውን ራሴ ጠይቄ የሰጡኝ መልስ እነሆ። በጎቹ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይግቡ፤ የቆሰለው ውሻ ደጅ አይታሰር፣ የጅብ ድምፅ በሰማ ቁጥር ለመነሣት ሲታገል ቁስሉ ይከፈታልና ከቤት ውስጥ ይደር፤ ጩኸቱ ከውስጥም ቢሆን ስለሚጠቅም አፉ አይታሰር። አንዱ ወጌሻ እንጥራለት ብሎ ነበር፤ ውልቃት ሳይሆን ንክሻ መሆኑን ሐኪሙ አስታውሰው፣ የቆሰለን ጭን ማሸት መግሉን ወደ ውስጥ መንዳት ነው ብለው ከለከሉ።

ከ18ኛ እስከ 21ኛ ምላሽ

የመጨረሻዎቹ ምላሾች ስለ አንገት ማሰሪያ ናቸው። በቱርክ አገር የሚማር አንድ ወንድማችን፣ በሲቫስ በኩል የሚገኙ እረኞች ካንጋል የተባለውን ትልቅ ውሻ ከአንድ በላይ አድርገው ከመንጋ ጋር እንደሚያሰማሩ፣ አንገታቸው ላይም ሹል ብረት ያለበት ማሰሪያ እንደሚያጠልቁላቸው ጻፈ፤ አውሬ የሚይዘው ጉሮሮ ስለሆነ። አሥራ ዘጠነኛው ጸሐፊ ይህን ማሰሪያ ቀጥቃጭ በጠፍር ላይ ሊሠራው እንደሚችል አስረዳ፤ ምስማሩ ከውስጥ ወደ ውጭ ይመታል፣ በጠፍሩና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ቦታ ይተዋል። ሃያኛዋ ጸሐፊ በጠንካራ ቃል ተቃወሙ፤ ሁለት ውሻ ባለበት ቤት ሹል ማሰሪያ አደጋ ነው፣ ታናሹ ከታላቁ ጋር ሲላፋ ዓይኑን ያወጣል፣ ከጅብ ጉዳት ለመዳን ብለን በእጃችን ጉዳት እናመጣለን አሉ። የቱርኩ ተማሪ ተቃውሞውን ተቀብሎ፣ ማሰሪያው ሲመሽ ለታላቁ ብቻ ታስሮ ሲነጋ እንዲወልቅ፣ ታናሹም አንገቱ እስኪሞላ ድረስ ያለ ማሰሪያ እንዲያድግ ሐሳብ አቀረበ። ሃያ አንደኛው ምላሽ ከቀጥቃጭ ቤት የመጣ ነው፤ ጠፍሩ ከውስጥ በሁለተኛ ቆዳ ካልተለበጠ የምስማሩ ራስ በአንድ ሌሊት የውሻውን አንገት ይልጠዋል፣ ስለዚህ ባለ ሁለት ድርብ ጠፍር ይዛችሁ ኑ ይላል።